የጃንዋሪ አራት ውሃ

ጃንዋሪ 4 ቀን ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በግቢዬ የቆመው የዝናብ መለኪያ ባዶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ሙቀቱ ሃያ ስድስት ዲግሪ። ከእኔ ቤት መቶ ሃያ ሜትር ርቆ በሚገኘው የወንድሜ ግቢ ውስጥ ግን፣ አናቱ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ጠጠር ተደርጎ ማስመሪያ በተለጠፈበት የሁለት ሊትር ጠርሙስ ውስጥ፣ ከዜሮው መስመር በላይ አስራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ውሃ ነበር።

ጠርሙሱ የአማይራኒ ነው። አማይራኒ የወንድሜ የኒካኖር የልጅ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ለገና ሲዘጋ መምህሯ ለየቤቱ አንድ ወረቀት ልካ ነበር፦ የዝናብ ጠርሙስ ሥሩ፤ ከአሮጌ ካልሲ የነፋስ ማሳያ ስፉ፤ ከጃንዋሪ አንድ እስከ አስራ ሁለት በየምሽቱ ሰማዩን ሳሉ፤ ውሃውን ለኩ። ጥሩ ወረቀት ነው። እኔ ራሴ በዚህ መንደር ለመንግሥት ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ስለካ ኖሬ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ለሕፃን አላውቅም።

ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ ክሪሳንታ፣ ዘነበ።»

«የት?»

«ጠርሙሴ ውስጥ።»

ሄጄ አየሁ። ወረቀቷ ላይ በአራተኛው ሳጥን ውስጥ የፀሐይ ሥዕል አድርጋለች፤ ከሥሯ 19 ጽፋለች።

«ሲዘንብ አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን ውሃው አለ።»

ይህን መልስ ከትልልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጠብቄ አላገኘሁትም። ያላየችውን አየሁ አላለችም፤ ያየችውንም አልደበቀችም። «ሁለቱንም እንዳለ ተይው» አልኳት። ከዚያ ቀና አልኩ። ጠርሙሱ የተቀመጠው በልብስ ማጠቢያው ጥግ፣ ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ነው። በጃንዋሪ ሁለት ከግድግዳው አርቁት ብዬ ነበር፤ እናቷ ሮሲኤላ «ውሾቹ ይደፉታል አክስቴ» ብላ ተወችው። የጣሪያው ጠርዝ ከታንከሩ በታች ርሷል። ሌላው ቦታ ደረቅ ነው።

ኒካኖር ጠረጴዛው ላይ ባቄላውን በቶርቲያ ቂጣ እየጠቀለለ ይበላል።

«ፓምፑን ረስተኸው ሄደሃል» አልኩት። «ታንከሩ ሞልቶ ፈስሷል። የልጅቷ ውሃ ከዚያ ነው።»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ዶሚኖ ልትጫወት ስትወጣ?»

«ዘግቼዋለሁ አልኩሽ እኮ እትዬ።» ቶርቲያውን አስቀመጠ። «ስንት ነው ያልሽው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። መለኪያዬ ዜሮ ነው።»

«ያንቺን ማን ጠየቀሽ? ያንቺ የመንግሥት ነው። አማይ፣ ስንት ነው እናቴ?»

«አስራ ዘጠኝ» አለች።

ወንድሜ በጣቱ ቆጠረ። ካባኙዌላስ የምንለውን እዚህ የማይቆጥር የለም፦ የጃንዋሪ የመጀመሪያው ቀን ጃንዋሪን ያሳያል፤ ሁለተኛው ፌብሩዋሪን፤ እንዲህ እያለ አስራ ሁለቱ ቀን አስራ ሁለቱን ወር ይሸፍናል። አራተኛው ቀን ኤፕሪል ነው።

«ዘንድሮ ኤፕሪል ዝናብ ነው» አለ። «ያየችው ደግሞ ሕፃን ናት። ሕፃን ለማን ብላ ትዋሻለች?»

በካባኙዌላስ አልስቅም። አባታችን እስኪሞት ድረስ ቆጥሯል። ነገር ግን አባታችን ሌሊቱንም ቀኑንም ውጭ ቆሞ ሰማዩን በራሱ ዓይን ያይ ነበር፤ ሲስትም «ተሳስቻለሁ» ብሎ ለሚስቱና ለልጆቹ ይናገር ነበር። የቆጠረ ሰው ስህተቱንም ይሸከማል፤ ልማዱ ይህ ነው። ኒካኖር ያደረገው ሌላ ነው። ጭነቱን በአምስት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ አስሮ እሱ ባዶ እጁን ሄደ። ያኔ የፈራሁት በኤፕሪል ተማምኖ ለሚዘራው በቆሎ አልነበረም። ሲከሽፍ ወደ ማን እንደሚዞር ስለማውቅ ነው የፈራሁት።

በማርች ወር ሁለት ጊዜ ሄጄ ቶሎ እንዳይዘራ ነገርኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት መዝገቤ ውስጥ ከሜይ መጨረሻ በፊት የተዘራ በቆሎ የሚያሳድግ የኤፕሪል ዝናብ በሦስት ዓመት ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ የሚወላገድ ወንበር እግር ሥር ከተተው።

«ቢያንስ የዘሩን ግማሽ አስቀር» አልኩት። ዘሩ የአባታችን ነጭ በቆሎ ነው፤ ከዓመት ዓመት ከራሱ ማሳ እየተመረጠ የቀረ፤ አስራ ስምንት ኪሎ።

«አንቺ እድሜ ልክሽን ውሃ ቆጠርሽ፤ አንድ ቀን አንድ አገዳ በቆሎ አበቅለሻል?»

«አላበቀልኩም።»

«በቃ።»

ማርች 27 ሁሉንም ዘራው።

በኤፕሪል ውስጥ መለኪያዬ በጠቅላላው ስድስት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ያዘ። የደቡቡ ደረቅ ነፋስ ዘጠኝ ቀን ነፈሰ፤ ሦስቱን ቀን ሙቀቱ ሠላሳ አራት ደረሰ። በማርች መጨረሻ የወረደች አንዲት ካፊያ ዘሩን አታልላ አብቅላው ነበር። አንድ ጣት ያህል ብቅ ብሎ ነደደ።

ሜይ 9 እሁድ ነበር። ኒካኖር ሁለት የዶሚኖ ጓደኞቹን ምሳ ጋብዟል፤ ሮሲኤላ እኔንም ጠራችኝ። ስለ በቆሎው ማንም አላነሳም። ያነሳው እሱ ነው፤ ሁለተኛው ቢራ ላይ ሲደርስ።

«ነቢይታችንን ታውቋታላችሁ?» አለና አማይራኒን በክንዷ ስቦ መሃል አቆማት። «ንገሪያቸው እስኪ ነቢይት። ኤፕሪል ስንት ይዘንባል አልሽኝ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር አለች።

«አስራ ዘጠኝ ብላኝ ነው አስራ ስምንት ኪሎ ዘር መሬት ውስጥ የቀበርኩት። ይችን ልጅ ራዲዮ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ እዚያም እንደዚሁ ነው የሚዋሹት።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «ታዲያ ለእኔ የሎተሪ ቁጥር አትነግረኝም?» አለ። ሮሲኤላ ድስቱን እያማሰለች ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እሷንም እስካሁን አልማርኳትም።

አማይራኒ ክንዷን አላቀቀች። ወደ ግቢው ወጣች፤ ጠርሙሱን አነሳች፤ የቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ስትመለስ አጠገቤ መጥታ በዝቅተኛ ድምፅ፣

«አክስቴ፣ አስራ ዘጠኝ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሰው ላይ ሰሃን ወርውሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የሚወረወረውን ሰሃን እስከ መምረጥ ደርሻለሁ። አልወረወርኩም። በርሜሉ ጋ ሄጄ ጠርሙሱን አወጣሁ፤ በውስጡ የገባውን የሽንኩርት ልጣጭ አጠብኩ፤ ጠጠሩን መልሼ እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ሞላሁና በጃንዋሪ በነበረበት ጥግ አስቀመጥኩት።

«ኒካኖር፣ ና ውጣ። እናንተም ውጡ።»

«ምሳ ላይ ነን እኮ እትዬ።»

«የበቆሎህን ገዳይ ላሳይህ ነው። ና።»

ወጡ፤ ጓደኞቹ ለጨዋታው፣ እሱ ጓደኞቹ ስለወጡ። የፓምፑን ማብሪያ ጫንኩ። ታንከሩ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከአፉ ሞልቶ በጣሪያው ጠርዝ ወረደ። ሰዓቴን አየሁ። ጠብታው መጀመሪያ ጠርሙሱን ሳተው፤ ከዚያ አገኘው።

«ውሃው ያልቃል» አለ ኒካኖር።

«ይለቅ።»

«ይህ ምን ያረጋግጣል? ዛሬና ያኔ አንድ ነው?»

«ዝም ብለህ ቁም። ልጅቷ ስታነብ አንድም ሰው አያውራ።»

ሰማዩ ላይ አንድ ዳመና አልነበረም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጥጉ ላይ ግን ውሃው ያለማቋረጥ ይወርዳል። አማይራኒ ቀስ ብላ ተጠጋች። እንዳስተማርኳት ተንበርክካ ዓይኗን ከውሃው ጋር እኩል አደረገች።

«አምስት» አለች። ቆየት ብላ፣ «አስራ ሁለት።» ከዚያ፣ «አስራ ዘጠኝ።»

አስራ አንድ ደቂቃ ተኩል ፈጅቷል።

«ሰማዩስ?»

ቀና ብላ አየች። «ፀሐይ።»

«በጃንዋሪ ምን ነበር የጻፍሽው?»

«ፀሐይና አስራ ዘጠኝ።»

«ዋሽተሻል?»

አሰበች። «አልዋሸሁም።» ጣሪያውን፣ ታንከሩን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ በዓይኗ ተከተለች። «ያኔ ፓምፑን ማን ነው የረሳው?»

ሎተሪ የጠየቀው ሰውዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኒካኖር ማብሪያውን ዘጋና፣ «ውሃ በከንቱ አታፍስሱ» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ተከትዬው ገባሁ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።

«ይህን ዘር የገደልከው አንተ ነህ። በመጀመሪያ በፓምፑ፣ ቀጥሎ ምክር ባልሰማ ጆሮህ። አሁን ለልጅቷ ንገራት።»

«ልጅ ነች፤ ነገ ትረሳዋለች።»

«እንግዲያው ዛሬ ሳትረሳ ንገራት።»

ቢራውን ጠጣ። «አንቺ ሁሌም እንደዚህ ነሽ» አለ። «ሰው እየበላ ትቆጥሪበታለሽ።»

ከቤቱ ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያ አልበላሁም፤ በየጠዋቱ ግን ከአማይራኒ ጋር ለማንበብ እገባለሁ። ጠርሙሱን ከግድግዳው አራት ሜትር አርቀን በድንጋይ ከበን ተከልነው፤ ውሾቹ እስካሁን አልደፉትም። በጁን መጀመሪያ ኒካኖር ከገበያ የገዛውን ቢጫ ዘር ዘራ፤ ደህና በቅሏል። ስለ ድሮው ዘር ለሚጠይቀው ሰው ነቀዝ በላው ይላል።

ከሜይ 9 እስከ ጁን 30 ያለው ሃምሳ ሦስት ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ወንድሜ ለልጅቷ «ስህተቱ የእኔ ነው» ያለበት ቀን ዜሮ ነው። ልጅቷ ከሃምሳ ሦስቱ ሃምሳ አንዱን መዝግባለች፤ የቀሩት ሁለቱ ትኩሳት የያዛት ቀናት ናቸው።