በስምንት ሰዓት የሚነሳው አውቶቡስ

አውቶቡሱ መተማ ዮሐንስ ገብቶ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የጉዞው አስተባባሪ አለምሰገድ ከሾፌሩ ጎን ቆሞ አጨበጨበ።

«በስምንት ሰዓት እንነሳለን። ስምንት ስል ስምንት ነው። ኬላው ሳይዘጋ ማለፍ አለብን። የቀረ ሰው እንደ ቀረ ይቁጠረው።»

ይህን የሚላቸው የዳባት ማኅበርተኞች ናቸው። የጥር ሥላሴን ቆላ ካለው ገዳም አክብረው ሲመለሱ፣ «እዚህ ድረስ ወርደን የሱዳን ሽቶ ሳንገዛ?» ብለው ሾፌሩን እስከ ድንበር ያስነዱት እነሱው ናቸው። ጸሎቱ አልቋል፤ የቀረው ገበያ ነው። ሴቶቹ በሩ ሳይከፈት ባዶ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል፤ አንዷ ብርጭቆ ታስባለች፣ አንዷ ብርድ ልብስ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ መቼም እንዲህ ነው፤ ሙቀቱን እየረገመ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል።

አሰበች ግን ሽቶም ብርጭቆም አላማራትም። ዳባት ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉ ቀድማ ትወርድ ነበር። ዛሬ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጣፋለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጭው?» አለቻት ከጎኗ ያለችው ሴት።

«ሙቀቱ ነው» አለች።

ሙቀቱ አልነበረም። የአባቷን መርዶ ይዛ ነው የወረደችው።

አባቷ ያረፉት ነሐሴ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሟ ይስማው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ እዚያው ከቀረ ዓመታት ሆነዋል። በዚያ ሰሞን መንገዱ ዝግ ስለነበር እሱ ወደ ደጋ አይወጣ፣ ሽማግሌ ወደ ቆላ አይወርድ ሆነ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ሳይከብበው፣ ክንዱን የሚይዝለት በሌለበት አገር፣ ብቻውን ቆሞ የአባቱን ሞት ይስማ የሚል ዘመድ የለም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ዋሸ። ይስማው ይደውልና «አባ የት ናቸው?» ይላል። «እርሻ ወጥተዋል» ይሉታል። ሌላ ቀን «ጸበል ገብተዋል»፣ ሌላ ቀን «እግራቸው አብጦ ተኝተዋል»። አርባቸው ወጣ፣ ሰማንያቸው ወጣ፣ ልጅየው አላወቀም። አሰበች ራሷ ጸበሉን ከወር በላይ አስረዝማዋለች።

የጉዞው ወሬ ሲሰማ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጠሯት። «በይ አንች ሂጂና ንገሪው» አሏት። «በማለዳ ይሁን፤ ጎረቤቱን ሰብስበሽ፣ ከቤቱ ሳይወጣ።» እሽ አለች። ማለዳው ግን መንገድ ላይ አለፈባት። ፀሐይ ወጥታለች፣ ጎረቤቶቹን አታውቃቸው፣ አውቶቡሱም በስምንት ሰዓት ይነሳል። መርዶ ተናግሮ ለመኪና የሚሮጥ ሰው የት አገር ታይቶ ያውቃል?

እንደ ወረደች ፊት ለፊቷ ያገኘችውን ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ኡመይር እንደሚባል ሳትጠይቀው ነገራት፤ አባቱ ከድንበሩ ማዶ፣ እናቱ ከጭልጋ መሆናቸውንም ጨመረላት።

«ይግቡ እትዬ። ወዴት ነን?»

«ይስማው የሚባል፣ ሰሊጥ መጋዘን የሚሠራ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ተማም፣ እሺ። መጋዘኑም ብዙ ነው፣ ይስማውም ብዙ ነው። እንፈልጋለን እንግዲህ።»

ፈለጉ። በመጀመሪያው መጋዘን የተገኘው ይስማው ጥርስ የሌላቸው የጥበቃ ሽማግሌ ሆኑ። አሰበች ይቅርታ ጠይቃ እስክትወጣ ሽማግሌው ዘመድ የመጣላቸው መስሏቸው ብድግ ብለው ነበር። በሁለተኛው መጋዘን በር ላይ ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሴቶች «ትራክተር ነጂውን ነው?» አሉ። «እሱማ ከድንበሩ ዳር ካለው እርሻ ነው የዋለ። ትራክተሩ ተበላሽቶበት።»

አሰበች ስልኳን አውጥታ ሰዓት አየችና መልሳ ከተተችው። ኡመይር ባጃጁን አዙሮ ወደ ዋልካው ገባ። ጥቁሩ አፈር ከደረቀ ወዲህ ተሰነጣጥቆ፣ ባጃጁ አንዱን ስንጥቅ ሲያልፍ ሌላው ይቀበለዋል። እሷ በልቧ ታጠናለች፦ ይስማው፣ ወንድሜ፣ መቼም ሰው ሆኖ የማይሞት የለም፤ አባታችን... እዚህ ስትደርስ ጎማው ጉድጓድ ይገባና ጭንቅላቷ ከሸራው ጋር ይጋጫል። ንግግሩ ይጠፋባታል። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ወንበሬን ሊነቅሉት ነው እኮ እትዬ» አለ ኡመይር በመስታወቱ እያያት። «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እንደርሳለን።»

«አንተ ንዳ» አለችው።

ይስማው ከትራክተሩ ሥር ተኝቶ፣ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። በእግሩ አወቀችው። የአባታቸው እግር ነው፤ ሰፊ፣ አውራ ጣቱ ወደ ጎን የዞረ።

«ይስማው» አለች።

ፊቱ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ተንፏቆ ወጣ። ለአፍታ እንደማያውቃት ቆሞ አያትና «እታለም?» አለ። ከዚያ ግሪሱንም ነገሩንም ረስቶ ተጠመጠመባት። ነጭ ነጠላዋ ጠቆረ፤ አላስለቀቀችውም።

«አባ ደህና ናቸው?»

ሌላ ሰው ቢሆን መንገዱ እንዴት ነበር ይላል፣ ልጆችሽስ ይላል። እሱ ገና ክንዱን ከአንገቷ ሳያነሳ ይችን ጠየቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አሰበች ዙሪያዋን አየች፤ የታጨደ ሜዳ፣ የተፈታታ ትራክተር፣ ጎማውን በእግሩ የሚደበድብ የባጃጅ ሾፌር። ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?

«ደህና ናቸው» አለች።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ብትፈልግም አልተቻለም። ይስማው ደስ ብሎት መሣሪያውን ሰብስቦ ከአጠገቧ ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ «ቤቴን ሳታዪማ አትሄጂም» እያለ።

ቤቱ ከከተማው ጫፍ ያለ የሣር ጎጆ ነው። ሚስቱ ታንጉ ጉሙዝ ናት፤ የዳባት ዘመድ ስሟን ከመስማት በቀር አይቷት አያውቅም። አማርኛዋ ቁጥብ ነው፣ እጇ ግን ፈጣን፤ እንግዳዋ አረፍ ሳትል የማሽላ ገንፎ በወይካ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ፣ አቀረበች። አሰበች ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ተነሳች። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ስልኳን አየች። «ገና ነው፣ ገና ነው» አለች፤ ሰዓቱን የጠየቃት የለም። ታንጉ ታያታለች።

ይስማው ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲል አሰበች ጠጋ አለቻት። «ጎረቤቶቻችሁ እነማን ናቸው?»

«ጎጃም አለ። ወሎ አለ። በዚያ በኩል ሱዳን።»

«አሁን ቤት አሉ?»

«ብዙው ሥራ ነው» አለች ታንጉ። ከዚያ «ምን ፈለግሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልትነግራት አፏን ከፈተች። ይስማው ከእነ እርጥብ ፊቱ ተመልሶ ገባ።

ከአልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መርኩብ ነው፣ ሱዳኖች የሚያደርጉት የቆዳ ጫማ። «ለአባ ነው» አላት። «እግራቸው ያብጣል ብለሽኝ የለ? ይኸ ለስላሳ ነው፣ አያማቸውም። በራሴ እግር ለክቼ ነው የገዛሁት፤ እግራችን አንድ አይደል?»

እግራቸው ያብጣል ያለችው እሷው ናት። የአባቷ እግር አንድም ቀን አብጦ አያውቅም። ውሸቱን ልታሳምር የጨመረቻት ነገር አሁን ጫማ ሆና መጣችባት።

«ይወዱታል» አለች፣ ፌስታሉን እየተቀበለች።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መቀመጥ አልቻለችም። እንደ ስልኳ ከሆነ ገና ጊዜ ነበራት። ግን ብድግ ብላ ተሰናበተች፤ ታንጉን ሳመች፣ ወንድሟን ሳመች፣ «አትሸኘኝ፣ ትራክተርህን ጠግን» ብላ ከደጅ መለሰችውና ሲጠብቃት ወደ ቆየው ባጃጅ ገባች። መሸሽ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ባጃጁ ከሰፈሩ ሲወጣ ደረቷ ቀለል እንዳላት ተሰማትና በራሷ አፈረች።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው ኡመይርን። «ጊዜ አለን።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«በስምንት።»

ኡመይር ዞሮ አያት። «እትዬ፣ ስምንት እኮ አልፏል።»

«ምን አልፏል፣ ይኸው ገና ሰባት ነው» ብላ ስልኳን ፊቱ ላይ ደቀነችበት።

ሊስቅ ጀመረና ሳቁን ዋጠው። «ስልክዎ ሱዳን ገብቶ ነው። ድንበሩ ዳር ሲደርስ የእነሱን ኔትወርክ ይስብና ሰዓቱን በአንድ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እኛ የዚህ አገር ሰዎች በስልክ ሰዓት አናምንም።» ከዚያ «ያላ» አለና ባጃጁን ያለ የሌለ ጉልበቱን አስወጣው።

ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ የፈሰሰ ዘይትና የሙዝ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። አሰበች ከባጃጁ ሳትወርድ ስልኳ ጮኸ። ስልኩ ወደ አገሩ ኔትወርክ ተመልሶ ነበር። አለምሰገድ ነው።

«አንች ሴት የት ገባሽ? ስንደውል ስንደውል አይሠራም ይለናል። ሽቶ ነው እንዲህ ያጠፋሽ? አሁን ኬላው ላይ ተሰልፈናል፣ ፍተሻ አለ። ቶሎ ከመጣሽ ትደርሽብናለሽ።»

የአለምሰገድ ድምፅ ከውጭም የሚሰማ ነበር። ኡመይር ሞተሩን ሳያጠፋ «አደርስዎታለሁ» አላት። «አቋራጩን አውቀዋለሁ።»

አሰበች ፌስታሉን ጭኗ ላይ አደረገች። ብትደርስባቸው ትሳፈራለች። ጫማውን ይዛ ዳባት ትገባለች። ከዚያስ? ይስማው በሳምንቱ ይደውላል፤ «ልክ ሆነላቸው?» ይላል። ልክ ሆነላቸው ትለዋለች። ለፋሲካ ደግሞ ጋቢ ይልካል። ለክረምት ካፖርት ይልካል። ልጅየው ቆላ ለቆላ እየለፋ ለሞተ ሰው ልብስ ሲገዛ ሊኖር ነው፤ እሷም እየተቀበለች ልታመሰግን።

«ሂዱ» አለች በስልኩ። «እኔ ቀርቻለሁ።»

«አብደሻል እንዴ? ነገ መኪና መኖሩን በምን ታውቂያለሽ?»

«እንግዲህ የሆንኩትን እሆናለሁ። ሂዱ።» ዘጋችው። ከዚያ የኡመይርን ትከሻ ነካች። «መልሰኝ። አሁን ደግሞ ቶሎ ንዳ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ይስማው ወደ ሥራው ሊመለስ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ታንጉ ከማሰሮ ውሃ እየቀዳች ለመንገዱ ትሞላለት ነበር። ባጃጁን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ።

«ጥሎሽ ሄደ?»

«ሄደ» አለች አሰበች።

«እሰይ። እንግዲህ ታድሪያለሽ፣ ፍየል ይታረዳል። ግን አባ ዛሬ ትመጣለች ብለው በር በር እያዩ እንዳይመሹ። ደውዬ ልንገራቸው።» እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣ።

አሰበች እጁን ከእነ ስልኩ ያዘችው። መንገድ ላይ ስታጠና የዋለችው ንግግር አንዲት ቃል እንኳ አልመጣላትም።

«አትደውል» አለች።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እጇን አየ፣ ፊቷን አየ። ለምን አላላትም።

«መቼ?» አለ።

«ነሐሴ ላይ።»

«ጥቅምት ላይ ስደውልልሽ ጸበል ናቸው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«የገና ለት፣ ተኝተዋል ያልሽኝስ?»

«እሱንም ያልኩህ እኔ ነኝ።»

እመሬት ላይ ተቀመጠ። ለታንጉ የነገራት የለም፤ ማሰሮዋን ለቃ በራሷ ቋንቋ እሪ አለች። መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው ያሉትን ሽማግሌዎች አሰበች አስታወሰችና ምን አደረግኩ አለች። ግን ሰው መጣ። የጎጃሟ ሴት ሊጥ ከእጇ ሳታጥብ መጣች። የወሎው ሰውዬ የሌሊት ጥበቃ አድሮ ከተኛበት ነቅቶ ባዶ እግሩን ሮጠ። ከማዶ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ደረሱ። ኡመይርም የባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ ወረደ። ማን እንደ ሞተ የጠየቀ አልነበረም፤ መጀመሪያ በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት። ማንም ክንዱን አይይዝለትም ተብሎ አምስት ወር የተዋሸለት ሰው ይኸው ነው።

ይስማው ከመሃላቸው ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለጋት።

«አውቶቡሱ ባይሄድ ኖሮ ሳትነግሪኝ ልትሄጂ ነበር?»

አሰበች እስካሁን ያልዋሸችው ነገር አልነበረም፤ አንድ ብትጨምር አያቅታትም ነበር።

«ልሄድ ነበር» አለች።

ይስማው ክንዱን ከሰዎቹ አላቀቀና አንገቷን አቅፎ፣ በግሪሱ በጠቆረው ነጠላዋ ላይ ፊቱን ደፋ።

«እንኳን ጥሎሽ ሄደ» አላት።