ብርቅዬ ብስክሌት ስትነዳ

ብርቅዬ አዲስ አበባ ላይ የግራ ጡቷን ተቆርጣ አዋሳ በገባች ሰሞን ቤቷ በጠያቂ ተጥለቀለቀ። መጠየቁስ ባልከፋ ነበር። ግን የሚመጣው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን መጦ፣ እሷን ትቶ ባሏን ሽበሺን ያጽናናል። የበሽታውን ስም የሚጠራ የለም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይሉና ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። ጎረቤቷ እትዬ የሺ አንድ ቀን እንባ አቅርረው ሲወጡ፣ ብርቅዬ «ሳልሞት ለቅሶ ተደረሰልኝ» ብላ በልቧ ሣቀች። ሣቋ ግን አልቆየላትም።

ሽበሺ ከጠያቂዎቹ ባሰ። የግብርና መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው። ሚስቱ ከታመመች ወዲህ ማሰሮ እንዳታነሣ፣ ፀሐይ እንዳይነካት፣ ነፋስ እንዳይመታት እንደ እንቁላል ይይዛት ጀመር። የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት የነበረችው ሴት አሁን ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ትውላለች፤ በተኛች ቁጥር ደግሞ ድካሙ ይብስባታል። ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ። ፀጉሯን እንኳ የሚያበጥርላት ሽበሺ ነበር፤ ያውም ዕቃ እንደሚረከብ ሰው በጥንቃቄ።

ያደገችው ድሬዳዋ ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ብስክሌታቸውን ከወንድሞቿ ጋር እየተሻማች ትነዳ ነበር። ካገባች በኋላ እግሯ ፔዳል ነክቶ አያውቅም። ማንም አልከለከላትም፤ እንዲያው ቀረ።

አንድ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት ስለማያዋጣ ሽበሺ ሄደ፤ ሰፈሩም አብሮ ነጎደ። ብርቅዬ ጭር ባለው ግቢ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን የባሏን ብስክሌት ስታየው ቆየች። ከዚያ ከቀሚሷ ሥር የእሱን ሱሪ ለበሰች። ጡት መያዣዋ ውስጥ ሁልጊዜ የምትጠቀጥቀውን ጥጥም «ዛሬ ማን ያየኛል» ብላ ተወችው፤ ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች።

የዚያን ቀን አልነዳችም። እንደ ምርኩዝ እየተደገፈችው እስከ ሐይቁ ዳር ሄደች። ግራ እጇ ወደ መሪው ሲዘረጋ ጠባሳው ተወጠረና አመማት፤ ሆኖም ሐኪሙ እጅሽን ቀስ እያልሽ አሠሪው፣ አታስተኚው ብሏት ስለነበር አልለቀቀችም። በሚቀጥለው እሁድ ሰፈሩ እንደገና ለስብሰባ ሲወጣ ተፈናጠጠች። ትንሽ ተንገዳገደች፤ ልትወድቅም ነበር። ከዚያ ግን እግሮቿ የድሬዳዋውን ነገር አስታወሱ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊቷን መታት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በሽተኛ መሆኗን ረሳች። ያን ቀን ምሳዋን ርቧት በላች።

በሌላ እሁድ ግን ስብሰባው ቶሎ ተበተነና ሽበሺ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ብትወድቂስ?» አላት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ብወድቅ እነሣለሁ። ተኝቼ ግን እያለቅሁ ነው፣ ሽበሺ።»

ብስክሌቱን ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰ። ብርቅዬ ብስክሌቱን ይደብቅብኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሌላ ብስክሌት እየገፋ መጣ፤ እዚያው አዋሳ ፒያሳ ብስክሌት ከሚያከራየው ከጠሀ የተከራየው ነው። ብቻሽን አትሄጂም አላት እንጂ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ጎን ለጎን ይወጡ ጀመር። ሰው ቆሞ ያያቸዋል። በሽታው ራሷን አዞረው ያሉም እንደነበሩ በኋላ ሰምታለች። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሚፈሩ ስለ ሽንኩርትና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ብስክሌት ላይ ግን ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት፤ ዝምታውም አይከብድም። አንድ ቀን በታቦር ተራራ በኩል ሲያልፉ ሽበሺ ድንገት ተናገረ።

«ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሎኛል። ነቀርሳው። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ይዤው ኖርኩ።»

ብርቅዬ ፍሬን ያዘች። «ለእኔም ነግሮኛል። እኔም አንተ እንዳትሰማ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽበሺ ወርዶ ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አጋደመና ጀርባውን ሰጥቷት አለቀሰ። አላባበለችውም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲበቃው ወደ እሷ ዞሮ ያማት እንደሆነ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን መልሷን ፈርቶ ጠይቋት አያውቅም ነበር። እሷም ሁሉንም ነገረችው፤ የጠባሳውን መወጠር፣ መስታወት መሸሿን፣ ጥጡን፣ ልብስ ስትለውጥ ለምን ፊቷን እንደምታዞርበት። ሲመሽ ተነሡ፤ ሲመለሱ ግን ሁለቱም አልቸኮሉም።

ወራት አለፉ። ብርቅዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ፀጉሯንም ራሷ ማበጠር ጀመረች። ለምርመራ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሐኪሙ እጅሽን አንሺ ቢላት ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋችው። ተገርሞ ምን ስትሠራ እንደቆየች ጠየቃት። ነገረችው። ብስክሌት መንዳት በሽታው እንዳይመለስ እንደማያደርግ፣ ለጉልበቷና ለእጇ ግን እንደበጃት አስረዳት። ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አላገኘም፤ በዓመቱ ተመለሺ አላት።

በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ሻሸመኔ ሲደርስ ብርቅዬ በብስክሌት እስከ ወንዶ ገነት መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሽበሺ ዳገቱን አሰበ። መንገዱን በመስኮት እያየ፣

«በማለዳ ከተነሣን ነው የምንደርሰው» አለ።