ዲላ ዘንድሮ ሰው የላትም

«የቱ እግርህ ነው?» አለ ጓንጉል፣ ከስፌት መኪናው ብድግ ብሎ።

«ግራው፣ ጋሼ።»

«ማን መታህ? ከምን ወደቅህ? ወጌሻ አየው?»

ጉግሳ ከኡስማን ሱቅ በረንዳ ግርጌ እንደቆመ፣ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ፣ አንድ ጊዜ የጓንጉልን ፊት አየ። የዲላ ጎረምሳ ሁሉ ተባብሮ የማይደርስበት እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ለገና የቀረው ወር ብቻ ነው።

«ማንም አልመታኝም» አለ ጉግሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንክስ ያሉኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ሐሙስ ነዋ ያልኩህ! ይርጋጨፌዎች ለገበያ ሲመጡ! ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ለማን ነው የምታነክሰው? ለእኔ?» አለና ቁጭ አለ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ተነሣ። «ቆይ፣ ባለፈው ሐሙስ ያነከስከው በቀኙ አልነበረም?»

ኡስማን ከውስጥ ጨው እየመዘነ፣ «ምን ይደረግ፣ ጋሽ ጓንጉል፤ ልጁ ሁለቱንም እየተለማመደ ነው» አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲላና ይርጋጨፌ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ በመሀል መንገድ ወናጎ ላይ ተገናኝተው ገና ይጫወታሉ። አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሆነው፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ፣ ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ አሸነፈ ነው። ሩሯ ዓመቱን ሙሉ የምትቀመጠው ከኡስማን ሱቅ፣ ከስኳሩ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ኡስማን እስላም ስለሆነ ከሁለቱም ወገን አይደለም ተብሎ። ሜዳው ሜዳ ይባል እንጂ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ ነው። ሩሯ አንዴ ካመለጠች ቁልቁል ተንከባላ የሰው እንሰት ውስጥ ትገባለች፤ ቀድሞ ወርዶ ያገኛት ወገን እንደፈቀደው ይመታታል። ጉግሳ ስሙን ያተረፈው እዚያ እንሰት ውስጥ ነው።

ማሸነፍ የሚያስገኘው በሬ አይደለም፣ ጋሻ አይደለም። ግጥም ነው። ያሸነፈው በተሸነፈው ላይ ይገጥማል፤ ግጥሙም እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ይዘፈናል፤ የተሰደበ ሰው ጌታም ቢሆን መቆጣት ነውር ነው። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት የዲላ አለቃ ጓንጉል ነበር። ሩሯ ከይርጋጨፌ ወሰን ሁለት ክንድ ሲቀራት እግሩ ሥር መጣችለት። ቶሎ መምታት ሲገባው፣ የልብስ ሰፊ ነገር፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረና የገዛ ጉልበቱን አገኘው። ይርጋጨፌዎች እስኪነሣ እንኳ አልጠበቁትም፤

ጓንጉል ልብስ ሰፊው ሲለካ ሲለካ፣
ሩሯን መታሁ ሲለን ጉልበቱን ነው ለካ!

ይህ በደጉ ጊዜ ቢሆን በዓመቱ ይታጠብ ነበር። ግን በሃያ ዘጠኙ ገና ጣልያን አዲስ የገባበት ጊዜ ነበርና የተጫወተ የለም። ስድቡ እንዲሁ ተንከባሎ ሠላሳ ላይ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከይርጋጨፌ የሚመጣ ገበያተኛ ሱሪውን ለማስጠበብ ሲሰጠው እንኳ፣ «ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ተጠንቀቅ» ሳይለው አይሄድም።

«ዘንድሮ ካላሸነፍን ይህን ግጥም ይዤ ነው የምቀበረው» ይላታል ሚስቱን፣ የትምወርቅን።

«ዜማውስ ደህና ነው» ትለዋለች።

ጓንጉል ያን ጊዜ የተመታ ጉልበቱ ስላልሻረለት ዱላ መያዝ ትቷል። አሁን ሥራው ሰው መምረጥና ሚዛን ማውጣት ነው። ሚዛን የሚባለው፣ በየኅዳሩ በኡስማን በረንዳ ተቀምጦ የዘንድሮውን ገና አስቀድሞ መናገር ነው፦ ዲላ በምን ትበረታለች፣ ይርጋጨፌ በምን ትደክማለች፣ የማን ክንድ በሰለ፣ የማን እግር ከበደ። ሰው የገበያውን ጉዳይ ጥሎ ይሰማው ነበር። ዘንድሮ ግን ሚዛኑ አንዲት ቃል ሆናለች። ለጠየቀው ሁሉ፣ «ዲላ ዘንድሮ ሰው የላትም» ይላል።

ለዚህ ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ የተሞገሰ ልጅ ዓይን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ በዚህ ዘመን ጉልበተኛ ነው የተባለ ሰው ወሬው ከበረንዳ ሳይወርድ ተይዞ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ይገኛል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይርጋጨፌ ሰምታ እንድትዘናጋ ነው።

ሐሙስ ሲሆን የይርጋጨፌው አለቃ ገሪማ በቅሎውን ከበረንዳው ምሰሶ አሰረ። ቡና ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ቃሉን እንደ እሸት ቡና አንድ በአንድ እየለቀመ ነው።

«እንዴት ከረማችሁ፣ ገሪማ? ዘንድሮ እንዴት ናችሁ?»

«ምን አለን ብለህ ነው፣ ወንድሜ? ባዶ ነን። ዘንድሮስ እናንተ ናችሁ።»

«እኛ? ኧረ ተወኝ። ዲላ ዘንድሮ ሰው የላትም። ያውልህ ተመልከተው።»

ጉግሳ በዚያችው ደቂቃ በገበያው መሀል እያነከሰ አለፈ። ቀኑም ሐሙስ፣ እግሩም ግራው ነበር።

«ውይ! አንጀቴን በላው» አለ ገሪማ፣ አንጀቱ ምንም ሳይነካ። «የእኛንም ይርጉን ወባ ጣለውና አልጋ ላይ ነው።»

«ወባ? ከመንደራችሁ ከኢዲዶ የመጣ አንድ ሰው ትናንት፣ ይርጉ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አየሁት ብሎኛል።»

«የእሱ ወባ ጠዋት ጠዋት ይተወዋል።»

«እነዚያ የዱመርሶ መንደር ወንድማማቾችስ?»

«ተጣልተዋል። አንዱ ባለበት ሌላው አይቆምም። የአንተ ግራኝስ፣ ያ ቁመተ ረጅሙ?»

«ዓይኑ ደክሟል። ዛፍና ሰው አይለይም።»

«አይ ጊዜ!»

«አይ ጊዜ!»

ኡስማን ከውስጥ ብቅ አለ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ሰው ከሌላችሁ ምን አደከማችሁ? ሩሯ ከሣጥኑ ሳትወጣ ትክረም።»

ሁለቱም በአንድ ድምፅ ተቆጡት። ገሪማ ቅቤና ጨው ገዝቶ ሲሄድ ጓንጉል መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ሰማኸው ይሄን ውሸታም? እውነት እንዴት ከአፉ አንዲት አትወጣም? እንዲህ እየዋሸ እኔ ሚዛኑን በምን ላውጣ?»

«እርስዎስ?»

«የእኔ ዘዴ ነው!»

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በዛብህ መጣ። በዛብህ የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚ ነው፤ የዲላ ሰው ቢሆንም ያገባው የገሪማን እህት፣ ወለላን ነው። «ዱላ ይዞ መሰብሰብ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው ተብሏል» አለ። «ፈቃዱ እንዲወጣ የተጫዋቾቹን ስም ጽፋችሁ ስጡኝ። አሥራ ሁለት ከእናንተ፣ አሥራ ሁለት ከነገሪማ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያዝን ነበር። ጓንጉል ግን ደስ አለው። ጠዋት በዛብህ እጅ የገባ ወረቀት በሦስተኛው ቀን ይርጋጨፌ እንደሚነበብ ያውቃላ! እርሳሱን በምራቁ አርሶ ጻፈ። መጀመሪያ ራሱን ጻፈ፣ ገሪማ ስሙን ሲያይ ደስ ብሎት እንዲተኛ። ቀጥሎ ቅዳሴ ቆመው መጨረስ ያቃታቸውን አባ ገብረኪዳንን። ከዚያ አስም ያለበትን ሸክላ ነጋዴ፣ ማይጨው አንድ እጁን ጥሎ የተመለሰውን ዘበኛ፣ ከደጁ ከወጣ ዓመት ያለፈውን ጎረቤቱን። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ሞላ። ጉግሳ የለበትም፤ ግራኙም የለበትም።

ኡስማን በትከሻው ላይ አጮልቆ አነበበ። «ጋሽ ጓንጉል፣ ይህ ወረቀት ለማን ነው?»

«ለገሪማ ነዋ።»

«በዛብህ ለሹሙ ነው ያለው።»

«ሹሙ አማርኛ ያነባል?»

«ማንበቡን እንጃ። ማህተም መምታት ግን ያውቃል።»

ጓንጉል ይህን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አላደመጠም። ቤት ሲደርስ ነገሩን ለየትምወርቅ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። «አባ ገብረኪዳንን? ሰውዬው እኮ ከቤተ ክርስቲያን ቤታቸው ለመድረስ ሦስት ቦታ ነው የሚያርፉት።»

«ለይስሙላ ነው፣ አንቺ ሴት።»

«እርስዎ ይህን ለእሳቸው ነግረዋቸዋል?»

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እውነተኞቹ አሥራ ሁለት ልጆች ጎህ ሲቀድ ከከተማው በታች፣ ከቡናው ጥላ ሥር ይለማመዱ ነበር። ጓንጉል ግንድ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ወገን አይቶ አያውቅም። ግራኙ የመለማመጃዋን ሩር ከአየር ላይ ቀልቦ ይመታታል። ጉግሳ ደግሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ መሬት የሚነካም አይመስል። ጓንጉል ይህን አይቶ ወደ በረንዳው ሲመለስ ደረቱ በወሬ ተወጥሮ ነው። እውነተኛው ሚዛን፣ በሕይወቱ ያወጣው ትልቁ ሚዛን፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሰዉ ግን «ጋሽ ጓንጉል፣ ዘንድሮስ?» ባለው ቁጥር «ሰው የለንም» እያለ መልሶ ይውጠዋል። ጥቂት ቀን ነው፣ ወናጎ ላይ ያዩታል እያለ ራሱን ያጽናናል።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀር በዛብህ ማህተም ያለበትን ወረቀት ይዞ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ እየተረጎመ አነበበ፦ «በወናጎ ሜዳ ዱላ ይዘው እንዲገቡ የተፈቀደላቸው፣ ስማቸው ከዚህ በታች የተጻፈው ሃያ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘበኞች ስም እየጠሩ ያስገባሉ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ዱላ ይዞ ቢገኝ ይታሰራል።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ብቻ ነው ያልከው?» አለ ጓንጉል።

«ብቻ።»

«እንግዲያው ትንሽ ማስተካከያ አለችኝ።»

«ሹሙ ዛሬ ጠዋት ይርጋዓለም ሄዱ። የሚመለሱት ከጥምቀት በኋላ ነው።»

«አንተ አለህ አይደል? አንዲት ስም ብቻ! ገብረኪዳን የሚለውን ፍቀህ ጉግሳ ብትል...»

«ጣቴን ነው የሚፍቁልኝ፣ ጋሼ።»

በዛብህ ወረቀቱን ትቶለት ሄደ። ጓንጉል የራሱን አሥራ ሁለት አነበበ። እያንዳንዱ ስም በገዛ እጁ የተጻፈ ነው። ደሙ ፈላ፤ የሚቆጣው ሰው ግን ከራሱ ሌላ አጣ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደና የይርጋጨፌን አሥራ ሁለት አየ። የመጀመሪያው ስም ገሪማ ነው። ቀጥሎ በግራ ጆሮው የማይሰማ ደብተራ፣ ቀጥሎ ሪህ የያዘው የገሪማ አማት። ይርጉ የለም። የዱመርሶ ወንድማማቾችም የሉም።

በማግስቱ ገሪማ ራሱ በቅሎውን እያስጋለበ ደረሰ። ሳይወርድ ጀመረ። «ጉግሳን ለምን አልጻፍከውም?»

«አንተ ይርጉን ለምን አልጻፍከውም?»

«ወባ ይዞታል ብዬህ የለ?»

«የእኔም አንክሷል ብዬህ የለ?»

ገሪማ ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጉግሳ በመንገዱ ማዶ በሁለት ደህና እግሩ እየተራመደ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። «እኔስ፣ ጋሼ? ምን ልሁን?»

«አንተማ አንክሰሃል» አለ ጓንጉል።

ገሪማ ሲሄድ፣ በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ጥቂት ከራቀ በኋላ፣ ያችን ዜማ በአፍንጫው ሲያንጎራጉራት ተሰማ። ልማድ ሆኖበት ይሁን አስቦበት አይታወቅም። ጓንጉል ጥርሱን ነከሰ። ተነሥቶ ከሱቁ ጥግ ሁለት ዓመት የቆመውን የወይራ ዱላውን አነሣ፤ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ግጥሙን ያመጣበት ይኸው ዱላ ነው፤ ካጠበውም የሚያጥበው ይኸው ነው። በሌላ ሰው እጅ ሆኖ እንዲታጠብ ነበር ያሰበው። አንድ ጊዜ ሰነዘረና ጉልበቱ ቀጭ ሲል ምሰሶውን ያዘ።

«ኡስማን» አለ። «አንተ ከማንም ወገን አይደለህም። ሚዛኑን ዘንድሮ አንተ አውጣልኝ። እንዳትሸነግለኝ። ማን ያሸንፋል?»

ኡስማን የስኳሩን ሣጥን ከፍቶ ሩሯን አወጣ፤ በመዳፉ አገላበጣት፤ የተጣበቀባትን ስኳር እፍ አለላት።

«ማን እንደሚያሸንፍስ እንጃ፣ ጋሽ ጓንጉል» አለ። «እኔን የጨነቀኝ፣ እንሰቱ ውስጥ ከገባች ማን ወርዶ እንደሚያመጣት ነው።»