አጥር ላይ የወጣው መንገድ

«አውጡት! ወንበሩን ማን ጠየቃችሁ፣ ሩዙን ነው የምላችሁ!»

ዘሊካ የቀለም ጣሳዋን አንጠልጥላ ስትደርስ፣ ከአዛናው የሩዝ መፈልፈያ ግማሹ ጆንያ ወጥቶ ደጅ ተከምሯል። አዛናው ልጁን አንበሳሜ ከተማ ሲድር ሰንብቶ ገና ከባጃጅ መውረዱ ነው።

«አያ አዛናው፣ ምነው? ቤት ሊለቁ ነው እንዴ?»

«ታሾፊያለሽ? አጥሬን ሊያፈርሱ ምልክት ሲያደርጉበት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ!»

«የቱ ላይ?»

«ያውልሽ፣ ቀዩ!»

«እሱማ ሥዕል ነው፤ የብስክሌተኛው የማረው ሹራብ።»

ሰውዬው ቀይ ሲያይ ልቡ ጠፍቶ ሥዕሉን አላየውም። አይፈረድበትም፤ አጥሩ ላይ ቀይ ጭረት አርፎበት ግሬደር መጣብኝ ብሎ የማይደነግጥ የወረታ ሰው የለም።

ዘሊካ ዕድሜዋን ሙሉ የሱቅ ማስታወቂያ ስትጽፍ የኖረች ናት። በከተማው ሥጋ ቤት ሁሉ በር ላይ የቆመው በሬ የእሷ ነው፤ ሁሉም ያው አንድ በሬ ነው፣ ሌላ በሬ የጠየቃት ደንበኛም የለም። ይኼን አጥር ግን ከአዛናው ሚስት ከትርሲት ለምና ያገኘችው ለራሷ ነው። ከቁሐር ሚካኤል መንደር በሩዙ ማሳ መሐል እየተጠማዘዘ የሚመጣው የእግርና የብስክሌት መንገድ ከተማ የሚገባው እዚሁ አጥር ሥር ነው። እሷም ያንኑ መንገድ አጥሩ ላይ አወጣችው፤ ውሃ የተኛበት ማሳ፣ ላሞች፣ ጆንያ የጫነ ብስክሌት የሚገፋ ማረው። መንገዱን ራሱን ግን በብሩሽ አልነካችውም። የፎገራ ሰው ጭቃ ላይ የጎማ ዱካ አይቶ ማን እንዳለፈ ያውቃል። ስለዚህ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጎማውን እያወለቀ፣ ጥቁር ቀለም እያስነካ አጥሩ ላይ አሽከረከረ። መምሬ የኋላሸት ሳይቀሩ የመቋሚያቸውን ጫፍ አተሙ።

«ሥዕልም ቢሆን ይጥፋልኝ!» አለ አዛናው። አሁን የሚያስጮኸው ድንጋጤው ሳይሆን እፍረቱ ነው። «ኖራ አምጡ!»

ይኼ አጥር ከነጣ፣ ዘሊካም ነገ ወደዚያው ወደ በሬዋ ተመላሽ ናት።

ቀኑ ግን የገበያ ቀን ነው። ኖራው ተበጥብጦ ሳያልቅ የቁሐር ሰው በመንገዱ ይጎርፍ ጀመር።

«የኔ ይኸው!» አለ አለኸኝ የሚባለው ጎረምሳ።

«ያንተማ ነፋስ የለውም፤ እዩት እንዴት እንደተለጠጠ!»

«ይኼ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበትስ?»

«የማረው ነዋ! ጎማውን በአሮጌ ካላማዳሪ ላስቲክ ጠፍሮ አይደል የሚነዳው!»

ማረው የኖራውን ባልዲ አየ፤ አዛናውን አየ፤ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈ። አለኸኝ ተከተለ፤ ሌሎቹም። ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ብስክሌት ሆነ፣ ኖራ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ።

«አንሡ እንጂ!»

«ገበያችንን ጨርሰን እንመለስ፣ አያ አዛናው» አለ አለኸኝ። «እስከ ማታ ነው።»

መምሬ የኋላሸት ከሰው መሐል ወጡ። «አዛናው፣ ያቺ ነጥብ የኔ መቋሚያ ናት። እሷንም ልታጠፋት ነው?»

«ኧረ መምሬ...»

የኖራው ብሩሽ አዛናው እጅ ላይ ቀረ። አንዱን ዱካ ካንዱ በዓይኑ እያስከተለ አጥሩን እስከ ዳር ሄደበት።

«እኔስ የታለሁ?» አለ በመጨረሻ። «አጥሩ የኔ አይደለም?»

«የሄደበት ነው የሚያትመው» አለች ዘሊካ። «በዚህ መንገድ ደግሞ ባጃጅ አያልፍም።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አዛናው ባልዲውን አንሥቶ ራሱ ወደ ግቢ መለሰው። ሲወጣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ዘሊካ ጥቁሩን ቀለም ማማሰል ጀምራለች።

«ማረው፣ ብስክሌትህን አውሰኝ። ቁሐር ደርሼ ልመለስ።»

«ይውሰዱት» አለ ማረው። «ፍሬን ግን የለውም። እኔ ስመጣ የሚያቆመኝ የእርስዎ አጥር ነው።»