የመርከቡ ሽማግሌ

ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረ። ወንዙ ደረቀ፣ ከብት አለቀ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። አናጢው መጋዙን ዘይት ቀብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሚስቱ በቀን አንዴ ታበስል ጀመር።

የፊልም ሰዎች የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። የጥፋት ውሃን ታሪክ ቀልድ አድርገው ሊያነሡት ነበር። ውሃ በሌለበት አገር መርከብ የሚሠራ ፈለጉ፤ አናጢው ሠራላቸው። ለተዋንያኑ ቀሚስ የሰፋው ደግሞ የታላቅ ወንድሙ የልብ ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊው ነበር።

የመርከቡን ሽማግሌ የሚጫወተው ተዋናይ ግን ማንንም ማሳቅ አቃተው። አዘጋጁ ተናደደ፤ ሥራው ሊቆም ነው ተባለ። አናጢው በምሳ ሰዓት ሳንቃ ላይ ቁጭ ብሎ ታላቅ ወንድሙ እንዴት እንደሚጸልይ አሳያቸው። ወንድሙ ሲጸልይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ ያያል። የሚያውቀውን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ በጣቱ ይቆጥራል። ሲምታታበት ቆም ይልና ፈጣሪን እንደ ጎረቤት፣ "የቱ ጋ ነበርን?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተዋናዩ እንዳለ ወሰደው፤ በፊልሙ ውስጥ እንስሳቱን ቆጠረበት። አናጢው ለክፋት አላደረገውም። በሳቁ ደስ ማለቱን ግን አይክድም።

ፊልሙ ሲታይ ከተማው በሙሉ የአናጢውን ታላቅ ወንድም ለየው። ገበያ ሲወጣ ሻጩም ገዢውም፣ "አባት፣ የቱ ጋ ነበርን?" ይለው ጀመር። ሽማግሌው መጀመሪያ ጮክ ብሎ መጸለይ ተወ፤ ቀጥሎም ከጸሎት ቤት ጨርሶ ቀረ። ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ጥርጣሬው ልብስ ሰፊው ላይ አረፈ። ቀሚሱን የሰፋው እሱ፣ ጸሎት ቤት አጠገቡ የሚቆመውም እሱ። ሰላምታ ነሳው። ልብስ ሰፊው ሦስት ጊዜ ደጁ ድረስ መጥቶ ማለለት፤ ሦስቴም በሩ ተዘጋበት።

አናጢው ይህን ሁሉ እያየ ዝም አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ በሱ ወለምታ ደግሞ ያነከሰው ሌላ ሰው ነበር። በልብስ ሰፊው ሱቅ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ፣ ዛሬ ነገ ሲል ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

አንድ ቀን አናጢው፣ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ሊገባ መሆኑን ሰማ። ሲሄድ የስፌት መኪናውን በጨርቅ እየጠቀለለ አገኘው።

"ወንድምህን ተሰናበትልኝ" አለው ልብስ ሰፊው። "እኔ ብሄድ አይከፍትልኝም።"

አናጢው እጁን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ወሰደው።

ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ልብስ ሰፊውን ሲያይ መልሶ ሊዘጋው ሲል አናጢው እግሩን ደፉ ላይ አደረገ።

"ጋሼ፣ እሱ አይደለም። ጸሎትዎን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው በሩን ለቀቀው።

"ማንን ማንን እንደምጠራስ ነግረሃቸዋል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"መጀመሪያ የምጠራው ያንተን ልጆች ነበር።"

አናጢው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ዓይኑን ከእሱ ነቅሎ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ልብስ ሰፊው ቀደም ብሎ ያዘው።

"ተው እንጂ" አለው፤ "ከተጎነበስክ ማን ያቃናሃል?"

ተደጋግፈው ገቡ። አናጢው ደጅ ቆሞ ቀረ። በሩ አልተዘጋም፤ ግባ ያለውም የለም። የዘጠኝ ዓመት ዕዳውን ግን ከፍሏል።