የደሴቲቱ የመጀመሪያ መርከብ

የደሴቲቱን መዝገብ ገና ሳይከፈት ያበላሸው ለንደን፣ ባተርሲ የተበላ አንድ ምሳ ነው።

ደሴቲቱ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ናት። ወደቧ ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ የሚበልጥ አያስገባም። ቢሆንም ከለንደኑ የተለየ የራሷ የመርከብ መዝገብ አማራት፤ ባለመርከቦች ባንዲራዋን ይሰቅላሉ፣ እሷም ታስከፍላለች። መዝገቡን የማቋቋሙን ሥራ ዘርይሁን የሚባል ጠበቃ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከጫማ ጠጋኝ በላይ ባለች ቢሮው ወሰደው። ዘርይሁን መርከብ የተሳፈረው አንዴ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ነው፤ ያኔም እስኪደርስ ሲያስመልሰው ነበር።

ደንቡን የጻፈችው አብራው የምትሠራው፣ የባሕር ሕግ የተማረችው ብፅዓት ናት። መዝጋቢ ተብላ የተሾመችውም እሷ ስለሆነች ያለ እሷ ፊርማና ማኅተም የሚመዘገብ መርከብ የለም። የመርከብ መርማሪ ከባለመርከብ ገንዘብም ስጦታም እንዳይቀበል በደንቡ ከልክላለች። ምሳ ግን አልጻፈችም። ምሳን ማን ያስባል?

መርማሪው ካፒቴን ሃብተስላሴ ነበሩ፤ ምጽዋ ተወልደው በኢትዮጵያ መርከቦች ላይ ያረጁ፣ አሁን ኬንቲሽ ታውን የሚኖሩ ጡረተኛ። መርጣ ያመጣቻቸው ራሷ ብፅዓት ናት። የመጀመሪያው መርከብ ወኪል ምድሃኔ ባተርሲ ቤቱ ለምሳ ጠራቸው፤ ሚስቱ ዶሮ ሠርታ አጎረሰቻቸው። በማግስቱ መርከቡን አይተው «እንከን የለውም» ብለው ጻፉ።

ብፅዓት እንከን የሌለው አሮጌ መርከብ ሰምታ ስለማታውቅ መርከቡ እስከቆመበት የእንግሊዝ ወደብ ድረስ ወረደች። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ከመስቀያቸው ጋር በዝገት ተጣብቀዋል። መርከቡ ቢሰምጥ አብረው ይሰምጣሉ እንጂ አይወርዱም።

የዘርይሁን ቢሮ ተመልሳ ካፒቴኑ ፊት ቆመች።

«ካፒቴን፣ ጀልባዎቹን አላዩም?»

«አየሁ እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ?»

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ሚስቱ በእጇ አጉርሳኝ፣ በማግስቱ መርከብህ አይረባም ልበለው? ምን ይለኛል?»

«መርከበኞቹስ ምን ይሉዎታል?»

«እግዜር ይጠብቃቸዋል።»

«እግዜርን መርማሪ አድርገን አልቀጠርነውም።»

ዘርይሁን ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሪላክስ አድርጊ እንጂ! ዛሬ ሳይን አድርጊላቸው፣ ጀልባውን በኋላ ይጠግኑታል። ደሴቲቱ እንደሆነ መርከቡን መቼም አታየውም።»

ብፅዓት ሁለቱንም አየቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ይሉኝታ ትልቅ ነገር ነው ሲሏት ኖረዋል። ትልቅነቱ ይኸው ነበር፤ ሁለት ጉርሻ የበላ ሽማግሌ እንዳያፍር የሰው ልጅ ባሕር ይግባ።

«በዚህ መርከብ የራስዎን ልጅ ይልካሉ?»

ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፉ።

«ለምድሃኔ ዶሮ ያፈሩትን ያህል ለሰው ነፍስ አላፈሩም።»

«ኧረ ነውር ነው!» ዘርይሁን ከወንበሩ ተነሣ። «ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ከጠዋት ጀምሮ ያስቆጣው ነገር ይኼ ብቻ ነበር።

ብፅዓት መሳቢያዋን ከፍታ ማኅተሙን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።

«ወዴት ነው እሱን ይዘሽ?»

«እዚሁ ለንደን ላሉት የደሴቲቱ ተጠሪ ላስረክብ። ያየሁትንም እነግራቸዋለሁ።»

«አሁንማ ምሳ ላይ ናቸው!»

«እጠብቃለሁ» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።