በረንዳ ላይ ያለችው ጣውንት

«ዛፏን ዛሬ ያጠጣት አለ?» አለች ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

ሰዓት ሠሪው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀና አለች። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሏታል፤ ይቺ ግን የዛፍ ነገር ታነሳለች። ምን አግብቷት?

ዛፏ ከክንድ የማትበልጥ፣ በሸክላ ማሰሮ የተተከለች፣ ቅጠሏ እንደ ሕፃን መዳፍ የተዘረጋ ሜፕል የሚሏት ቀይ የፈረንጅ ዛፍ ናት። ሚስትየው «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን ከልቧ ነው።

ምን ታድርግ? አዲስ ቀሚሷን ሳምንት ሙሉ ሳያይላት የሚያልፍ ሰውዬ፣ የዛፏን እንቡጥ ሰዓት በሚፈታበት ማጉያ መነጽር ያይ ነበር። ቅርንጫፏን በቀጭን ሽቦ ያቃናል፣ ቅጠሏን ይወለውላል። አንዴ ሚስትየው ደስ ይበለው ብላ ከጥላ አውጥታ ቀትር ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት። ሲመለስ ቅጠሎቿ ጫፍ ጫፋቸው አርሮ ጠበቁት። ሰውዬው አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አስነክቷት አያውቅም።

ለዚህችኛዋ ግን ፈቅዶላታል ማለት ነው።

ልብስ ሰፊዋን እስከ በረንዳው ድረስ ተከተለቻት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አጠጪ የሆንሽው?»

«ጋሼ አስተምሮኝ።»

ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ ለሷ ያላሳያትን! «ሌላስ ምን አስተማረሽ?»

የሟች እህት በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ ተይ፣ ሰው ይሰማል» አለቻት በሹክሹክታ። ማን ሰምቷት።

ነገሩ ለልብስ ሰፊዋ የገባት አሁን ነው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እኮ ነው። በስልክ ነው የነገረኝ። ‹ለምን እትዬን አትልካትም?› ስለው፣ ‹ለዛፍ ብዬ እሷን ከራስጌዬ ባስነሳ እንቅልፍም አይወስደኝ› አለኝ።»

ሚስትየው ብትቆጣ በማን ትቆጣ? ልብስ ሰፊዋ የውሃውን ጣሳ አነሳች።

«ቆይ» አለቻት ሚስትየው። «ውሃ መፈለጓን በምን ታውቂያለሽ?»

«ጣት አፈሩ ውስጥ ይከተታል፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ።»

ሚስትየው ጎንበስ ብላ ጣቷን ሰደደች። ላዩ ደርቋል። ውስጡ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ።

«ማነው መጨረሻ ያጠጣት?»

«እሱ ነዋ። ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ያረፈ ዕለት ጠዋት። እኔ ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም።»

«እንግዲያው ዛሬ አታጠጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ጣሳውን መልሳ አስቀመጠች። እህትየው ከውስጥ «ሰው መጥቷል፣ ነይ እንጂ» ብላ ተጣራች።

«መጣሁ» አለች ሚስትየው። ጣቷን ግን ከአፈሩ አላወጣችም።